ቀድሞ የሚሞተው ማጫወቻው ነው

ይህ ጽሑፍ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሙዚቃ ዲስኮችን ገልብጦ ስለ ማቆየት ለሙዚቃ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተቀዳ ነው። የተደጋገመውን አውጥቻለሁ። ጥያቄና መልሱን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ከኔ ወሬ ይልቅ እሱ ይሻል ነበርና።

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪደርስ እጄ ላይ ያለችውን ነገር ተቀባበሏት። በጠርዟ ያዟት፣ ጣት አታሳርፉባት።

ሲዲ ትመስላለች አይደል? ስፋቷ 12 ሴንቲሜትር ነው፣ መሃሏ ክፍት ነው፣ ጀርባዋ ያብረቀርቃል። ላፕቶፕ ውስጥ ብከታትም ሲዲ ሆና ነው የምትከፈተው። ዘጠኝ ዘፈን ትደረድራለች። ኮፒ ላድርግሽ ስላት እሺ ትላለች። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ኮፒ እያደረግኩ፣ ጨርሻለሁ ብዬ እተኛ ነበር። ኮፒ ያደረግኩት ግን የቤቱን አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ሌላኛውን ፎቅ ላፕቶፑ መኖሩንም አያውቅም።

እቺ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ትባላለች። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 ነው ያወጧት፤ ዓመት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እንደዚህ ያለችው ድርብ ናት። መብራት ወደሚነካት በኩል ገልብጧት። ከዚያ ገጽ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ሲባል አንደኛው ንብርብር አለ። 1.2 ሚሊሜትር ላይ፣ ማለትም ጽሑፉ ስር፣ ሁለተኛው አለ። የመጀመሪያው ከፊል አሳላፊ ነው። 650 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ሌዘር ሲመጣ አንደኛው ፎቅ ላይ ይቆምና እዚያው ያነባል። የተለመደው የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር ነው፤ እሱ አንደኛውን ፎቅ እንደ መስኮት አልፎት ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ለዚህ ነው ተራ ሲዲ ማጫወቻ ምንም ሳይጠረጥር የሚያጫውታት። ከውስጥ ስላለፈው ነገር ምንም ወሬ የለውም።

በዚያ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የድምፅ አጻጻፍ ራሱ ሌላ ነው። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካና እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፈዋል። ይኼኛው በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፣ መልሱም አንድ ቢት ነው። ወጣ ወይስ ወረደ? በቃ። ዲኤስዲ የሚሉት ይኼን ነው። አባዙት ካላችሁ በስቴሪዮ ከሲዲው በትክክል 4 እጥፍ ዳታ ይሆናል። ከዚያ በተጨማሪ ብዙዎቹ ዲስኮች ላይ እስከ 6 ቻናል የሚደርስ፣ በዙሪያችሁ ካሉ ስፒከሮች የሚመጣ የዙሪያ ድምፅ አለ። 74 ደቂቃ ሙዚቃ በስቴሪዮም በ6 ቻናልም ሲጻፍ ወደ 12.5 ጊጋባይት ይወጣዋል። ንብርብሩ የሚይዘው ደግሞ 4.7 ነው። ስለዚህ አንዲት ቢት ሳትጠፋ አጥብቀው ጠቅልለው ነው የከተቱት። ይኼን መጠቅለል አስታውሱት፤ በኋላ ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ይመጣባችኋል።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሲያዛጋ አይቻለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናገርና ግማሻችሁ ተቀየሙኝ። ያ ሁሉ ቢት ለጆሯችን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ይኼ የኔ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2007 ቦስተን አካባቢ ያሉ ሁለት ሰዎች፣ ሜየርና ሞራን፣ አንድ ጥሩ ፈተና አሳትመዋል። ከነዚህ ዲስኮች የሚወጣውን ድምፅ አንዳንዴ እንዳለ ያሰማሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ መሃል ላይ በሲዲ ልክ፣ በ16 ቢትና በ44,100፣ ቀንሰው ያሰማሉ። አድማጩ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ይገምታል። 554 ጊዜ ተሞከረ። 276 ጊዜ ልክ መለሱ። ሳንቲም ብትወረውሩም ያንኑ ታገኛላችሁ።

ታዲያ ለምን ትደክማለህ በሉኝ። እነዚያው ሰዎች አንድ ሌላ ነገርም አስተውለዋል። ዲስኮቹ በአብዛኛው ከተራው ሲዲ የተሻለ ድምፅ አላቸው አሉ። ምክንያቱ ቢቱ አይደለም። የሠሯቸው ሰዎች ተጠንቅቀው ስለሠሯቸው ነው። ገዢው ጥሩ ዕቃ ያለው፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው ብለው ስላሰቡ ድምፁን ለመኪና ሬዲዮ ብለው አልጨፈለቁትም። ዝቅ የሚለው ዝቅ ይላል፣ ከፍ የሚለው ከፍ ይላል። የ6 ቻናሉ ቅልቅል ደግሞ አለ። መሐንዲሱ ከዋናው ቴፕ ተነስቶ እንደገና የቀላቀለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዲስክ በቀር ሌላ ቦታ አታገኙትም። እኔ ለማዳን የምደክመው ያንን ነው። 2,822,400ው አብሮ ስለሚመጣ ነው የምይዘው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሲል የሚፈራው ዲስኩ እንዳይጫር፣ እንዳይሰበር ነው። እውነት ነው፣ ዲስክም ይሞታል። እንግሊዝ ውስጥ ብላክበርን የነበረ ፋብሪካ ከ1988 እስከ 1993 ያተማቸው ሲዲዎች እንደ ነሐስ ቡኒ እየሆኑ ተበላሽተዋል። ከላይ የቀቡት ቫርኒሽ አብሮት ከሚቀመጠው ወረቀት የሚወጣውን ድኝ መቋቋም አልቻለም፣ ከስሩ ያለው ብር ጠቆረ። ግን ያ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ነው። በደንብ የታተመ ዲስክ በመሳቢያ ውስጥ ከኔ በላይ ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

ማጫወቻው ግን አይኖርም። ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ዘፈን ያለበት ተራ ሲዲ ካላችሁ፣ የዛሬ 20 ዓመትም የሚያነብላችሁ ድራይቭ ከአንድ ሰው ጓዳ አይጠፋም። ለሱፐር ኦዲዮ ግን ማንኛውም የኮምፒውተር ድራይቭ አይሆንም። አምራቾቹ ሆን ብለው ለኮምፒውተር አልሰጡም። እንዳይገለበጥ የሚከለክለው ቁልፍም የተቀበረው በዳታው ውስጥ ብቻ አይደለም። ዲስኩ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ስፋታቸው በጣም በትንሹ ሰፋ ጠበብ ይላል። ያ መስፋትና መጥበብ ራሱ ጽሑፍ ነው፤ ማጫወቻው መጀመሪያ እሱን ያነባል፣ ከሌለ አይከፍትም። ቤት ውስጥ የሚቃጠል ባዶ ዲስክ ላይ ደግሞ የጉድጓድ ስፋት ማስፋትና ማጥበብ አይቻልም። ስለዚህ ዲስክን ወደ ዲስክ መገልበጥ የሚባል ነገር ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው። ማጫወቻ ከሌላችሁ በእጃችሁ ያለው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቢበዛ ተራ ሲዲ።

ማጫወቻዎቹስ? ብዙዎቻችን የተመካንበት ኦፖ የሚባል ድርጅት በሚያዝያ 2018 ማምረት እያቆምኩ ነው ብሎ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ያገለገለው ማጫወቻ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። የጌም መጫወቻዋ ፕሌይስቴሽን 3 ስትወጣ በ2006 ሱፐር ኦዲዮ ታጫውት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በኋላ የወጡት ሞዴሎች ላይ ያ ችሎታ ተነሳ። ዛሬ አዲስ የሚያጫውት ዕቃ አለ፣ የለም አልልም። ግን በየዓመቱ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ሞዴል ይቀንሳል። ሌዘሩ ያረጃል፣ መለዋወጫው ይጠፋል፣ ጠጋኙ ጡረታ ይወጣል። ዲስኩ ደህና ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የሚያናግረው ሰው ያጣል።

ሰዎች ይኼን በር እንዴት ከፈቱት? ታሪኩ አጭር ነው። መጀመሪያ የተከፈተው በ2011 ነው፣ በዚያችው በፕሌይስቴሽን 3። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ዲስኩን ማንበብ ይችላሉ፣ ቁልፉም ውስጣቸው አለ። ሶፍትዌራቸው 3.55 ወይም ከዚያ በታች የሆኑት ላይ ደግሞ ባለቤቱ የራሱን ፕሮግራም መጫን ይችል ነበር። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ዲስኩን እንዳለ፣ የስቴሪዮውንም የ6 ቻናሉንም ቅልቅል ይዞ፣ ወደ አንድ ፋይል አወጣው። ከዚያ በኋላ በገበያው ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ሆነ። ጌም የማይጫወቱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች አሮጌ ፕሌይስቴሽን ፍለጋ ይንከራተቱ ጀመር። ሻጩን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አፕዴት አድርገኸው ታውቃለህ?» ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ አንዳንድ የብሉሬይ ማጫወቻዎች፣ ከነሱም የኦፖ 103ና 105፣ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው ያንኑ ሥራ እንደሚሠሩ ታወቀ። ድካሙ ከሰዓታት ወደ ደቂቃዎች ወረደ።

እዚህ ላይ ሳላድበሰብስ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ነን። ዲኤምሲኤ የሚባለው የ1998 የቅጂ መብት ሕግ ቁልፉን መስበርን በራሱ ይከለክላል። ዲስኩን በገንዘብህ ገዝተኸዋል፣ ለማንም አትሰጠውም፣ ለብቻህ ነው የምትሰማው፤ ሕጉ ለዚያ ግድ የለውም፣ ቁልፉ ቁልፍ ነው። ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ በየ3 ዓመቱ የተለዩ ፈቃዶችን ያወጣል፤ ለግል የሙዚቃ ባክአፕ የሚሆን ግን እስካሁን አላየሁም። ሌላው ዓለምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዞች በ2014 ለግል መቅዳትን በሕግ ፈቀዱ፤ በ2015 ፍርድ ቤት ሰረዘው። ጀርመን ውስጥ ለግል መቅዳት ይቻላል፣ ቁልፉን ሰብሮ ግን አይቻልም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ማንንም ስበሩ አልልም። ሕጉ ዕቃውን የገዛውን ሰው ሌባ ያደርገዋል ብዬ ግን አምናለሁ። ያንን ከመናገር ማንም አይከለክለኝም።

ስለዚህ ማንም ቁልፍ የማይነካበትን መንገድ በደንብ ላሳያችሁ። ይኼ መንገድ ይናቃል። ሳልሞክረው እኔም ንቄው ነበር።

ማጫወቻውን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ቀይና ነጭ ሶኬት አለ። ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ነው፣ ቁልፍ የለበትም፤ ቢኖርበት ማጫወቻው ለአምፕሊፋየሩም ባልሰጠ ነበር። ቀይና ነጩን ገመድ ወደ አንድ ደህና የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ትሰካላችሁ። ካርዱን ላፕቶፕ ላይ። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። መቅጃውን 24 ቢትና 96,000 ላይ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ሙዚቃውን ከመቅዳታችሁ በፊት በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጋችሁ ታጫውታላችሁ። ሙከራ ነው። የድምፁ ጫፍ ከመለኪያው ዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ታደርጉታላችሁ። የመለኪያውን ቀይ አንዴ ከነካ ያ ቦታ ተቆርጧል፣ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ዝቅ ብሎ ቢቀዳ ግን በ24 ቢት ምንም አይጎድልበትም። ከዚያ ዲስኩን ከመጀመሪያው ጀምሩና ተቀመጡ። 50 ደቂቃ ሙዚቃ 50 ደቂቃ ይፈጃል። አቋራጭ የለውም።

የመጀመሪያው ቀን የሆንኩትን ልንገራችሁ። ሁሉን አገናኘሁ፣ ሄድፎኑን አጠለቅኩ። ከሙዚቃው ስር ዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ገመድ ቀየርኩ፣ አለ። ካርዱን ቀየርኩ፣ አለ። ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቀልኩ። ባለቤቴ መጥታ «እንጀራው ነው የሚጮኸው?» ብላ ሄደች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገል ቆይቼ ሻይ ልጠጣ ስነሳ እግሬ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀለው። ዝም አለ። ጭጭ። ለካ ላፕቶፑና ማጫወቻው በሁለት የተለያየ ሶኬት ከመሬት ተገናኝተው በመሃል የኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ በገመዴ ይዞርብኝ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪውን ሞልቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ነው የምቀዳው።

ይኼ መንገድ የዲስኩን ቢት አይሰጣችሁም። ማጫወቻችሁ ያንን ቢት እንዴት እንደዘፈነው ይሰጣችኋል። ቅድም ስለ 554ቱ ሙከራ ያልኩትን አስታውሱ። ተጠንቅቀው የሠሩት ዋና ቅጂ፣ ያልተጨፈለቀው ድምፅ፣ በሙሉ አብሮ ይመጣል። 6 ቻናሉን ከፈለጋችሁ 6 መግቢያ ያለው ካርድ ያስፈልጋል፣ ከኪስ ይጎዳል። እዚያ ላይ መንገዱ ያጥራል።

ዲቪዲ ኦዲዮስ ላላችሁኝ፣ እሱን ቶሎ ልለፈው። በ2000 የሱፐር ኦዲዮ ተፎካካሪ ሆኖ መጣ፣ ተሸንፎ ሄደ። ድምፁ በስቴሪዮ እስከ 24 ቢትና 192,000 ይደርሳል። አካሉ ዲቪዲ ስለሆነ ኮምፒውተር ድራይቭ ያነበዋል፣ ቁልፉም በ2005 አካባቢ ተፈታ። ከቪዲዮው ቁልፍ ጋር በተያያዘ ግን አንድ የምወደው ጉዳይ አለ። ኖርዌይ ውስጥ ጆን ሌክ ዮሃንሰን የሚባል ልጅ በ1999፣ በ15 ዓመቱ፣ የዲቪዲን ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ከሌሎች ጋር ሆኖ አወጣ። ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በጥር 2003 ነፃ ለቀቀው፤ ይግባኝ ተጠየቀ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንደገና ነፃ ወጣ። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ፣ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ዲስክ ከፍቶ ቢያይ ወንጀል አይደለም ነው። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

እሺ፣ ፋይሉ ተገኘ እንበል። አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን።

አንደኛ፣ መጠን። ቅድም የተጠቀለለ ያልኩት ሲፈታ ያብጣል። 1 ሰዓት የስቴሪዮ ዲኤስዲ 2.5 ጊጋ ነው፤ 6 ቻናሉ 7.6 ነው። ድምር 10 ጊጋ፣ ከአንድ ዲስክ። የዲስኩ ሙሉ ምስል እንዳለ ከተቀመጠ ግን ከ4.7 አያልፍም። እኔ ምስሉን እንደ ዋና ቅጂ አስቀምጣለሁ፣ ለመስማት የምፈልገውን ብቻ እፈታለሁ። 140 ዲስክ አለኝ፤ 1 ቴራባይት ተርፎ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ መቀየር። ዲኤስዲ ፍላክ በሚባለው የተለመደ የድምፅ ፋይል ውስጥ አይገባም። ስልክና መኪና ላይ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ ወደ ተለመደው ዓይነት ትቀይሩታላችሁ። 88,200 ወይም 176,400 ምረጡ። 2,822,400 ለነዚህ እኩል ይካፈላል፣ 32 ጊዜና 16 ጊዜ። ለ96,000 ግን 29.4 ነው። ፕሮግራሙ ያንንም ይሠራዋል፣ ግን ለምን ሥራ ይብዛበት? ሲቀየር ድምፁ ዝቅ ብሎ ይመጣባችኋል፤ ዲስኮቹ በባህላቸው 6 ዴሲቤል ትርፍ ቦታ ትተው ነው የሚጻፉት። ፕሮግራሙ 6 ልጨምር ይላችኋል። አንዳንዱ ዲስክ ያንን ትርፍ ቦታ ሰርቆ ተጠቅሞበታል፣ እሱ ላይ 6 ከጨመራችሁ ይቆረጣል። መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይጨመር።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የገለበጣችሁት ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ተራ ሲዲ ሲሆን ኢንተርኔት ላይ ሌሎች ሰዎች ከገለበጡት ጋር የሚያወዳድር ፕሮግራም አለ። ለነዚህ እንደዚያ ያለ ነገር አልተለመደም። የኔ ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ እገለብጣለሁ። ከሁለቱ ፋይል ላይ የጣት አሻራ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ኤምዲ5 ይሉታል፤ ከፋይሉ 32 ፊደልና ቁጥር ያወጣል። በ4 ጊጋ ውስጥ አንድ ቢት ብትለወጥ አሻራው ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ሁለቱ አሻራዎች ከገጠሙ ጨርሻለሁ። ካልገጠሙ ዲስኩን አጸዳለሁ።

አጸዳድ እንኳ ወግ አለው። ክብ እየዞራችሁ አትጥረጉ። ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ አድርጋችሁ። ምክንያቱም ጽሑፉ ክብ ነው የሚሄደው። ሲዲ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ጉድለት ራሱ ያርማል፣ አስቀድሞ ተበትኖ ከተጻፈ ትርፍ ዳታ ሞልቶ። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት መንገዱን ቶሎ ያቋርጠዋል፣ ማጫወቻው ያርመውና ያልፋል። ክብ ጭረት ግን መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። ቆሻሻ ልታነሱ ብላችሁ የማይታረም ጭረት ትሠራላችሁ። አንዴ አንድ ዲስክ ሁለት ጊዜ ገልብጬ አሻራው አልገጠመም። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት፣ ሦስተኛውም ሌላ ሆነ። በንጹሕ ጨርቅና ለብ ባለ ውሃ አጥቤ አራተኛና አምስተኛውን ሳደርግ ገጠሙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ።

ደግሞ አንድ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አይደለም። ይኼን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ 60 ዲስኮቼን ገልብጬ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር። ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። መሬት ሲነካ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ያም ከፍተኛ ጥራት ነበረው። ሦስት ወር የሠራሁት ነገር ሄደ። አሁን አንዱ ቤቴ፣ አንዱ ወንድሜ ቤት አትላንታ ነው። በዓመት አንዴ ስንገናኝ እንለዋወጣለን። አሻራዎቹን እንደገና አስወጥቼ ከድሮው ጋር አወዳድራለሁ።

እሺ፣ ቡናው መጣ። ጥያቄ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ዲስኩን መሸጥ እችላለሁ ወይ?» አሉኝ። እትዬ፣ አይሽጡት። ባክአፕ የሚባለው ዋናው እርስዎ ዘንድ ሲኖር ነው። ሸጠውት ኮፒውን ካስቀሩ ያ ሌላ ስም አለው።

አንድ ወጣት ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በኛ አቆጣጠር። ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማድረግን የሚፈቅድ አንቀጽ አለው። አንድ ነው ያለው፣ ለአክስትና ለጎረቤት አላለም። የሀገራችንን ሙዚቃ በዚህ ዲስክ አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ጨመረልኝ። አጋጥሞኝ አያውቅም። ካገኛችሁ ደውሉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ከወንበራቸው ስር የጨርቅ ቦርሳ ነበር። ማጫወቻቸውን ይዘው መጥተዋል። «መብራቱ ይበራል፣ አፉ አይከፈትም። ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ። ውስጡስ ዲስክ አለበት ወይ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «ስለሱ ነው ያመጣሁት።»

ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ የቀረው ጠረጴዛ ዙሪያ የሆነ ነው። ከሶኬት ውጭ አድርገን አራት ብሎን ፈታን፣ ክዳኑን አነሳን። ከመሳቢያው ጎን አንዲት ቀጭን የጎማ ቀበቶ አለች፣ ሞተሩን መሳቢያውን ከሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ጋር የምታገናኝ። ረግባ፣ ደርቃ፣ በጣት ስነካት ተሰበረች። ጥቂት ዶላር የምታወጣ ነገር ናት። ጥርሱን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት፣ መሳቢያው እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ጋሼ ዲስኩን በጠርዙ ያዙት፤ ቅድም የነገርኩትን አልረሱም። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አገላበጡት።

«ምንም አልሆነም» አሉ።